ስልክ ላይ «ሞልቷል» ቢሏችሁም አመልክቱ፦ እንግሊዝ ውስጥ ቤት ስንቀይር ስለ ልጆች ትምህርት ቤት የሚወራውና እውነታው

ለንደን ውስጥ ካውንስል አንድን ቤተሰብ ከኖረበት ሰፈር አንስቶ ሌላ ቦሮ ውስጥ ጊዜያዊ ቤት ሲሰጠው፣ ዕቃው በአንድ ቀን ተጭኖ ይገባል። የልጆቹ ትምህርት ቤት ግን እንደዚያ በአንድ ቀን አያልቅም። እናት በማግስቱ በቅርብ ወዳገኘችው ትምህርት ቤት ትደውላለች። «ለይር 3 ቦታ አላችሁ?» ጸሐፊዋ በትሕትና «ይቅርታ፣ ሞልተናል» ትላታለች። ሌላ ጋ ትደውላለች፤ ያው ነው። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ መስጊድ ደጅ፣ ቡና ላይ ምክሩ ይጎርፋል። ምክሩ ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ስህተት ነው፣ ልጅንም ያለ አግባብ ለሳምንታት ቤት ያስቀምጣል። (የምናገረው ስለ እንግሊዝ ብቻ ነው፤ ስኮትላንድና ዌልስ የራሳቸው ደንብ አላቸው።)

ተረት፦ «ስልክ ላይ ሞልቷል ካሉሽ አለቀ።»

አላለቀም። ወላጅ በትምህርት ዓመቱ በማንኛውም ጊዜ፣ ለፈለገው የመንግሥት ትምህርት ቤት የማመልከት መብት አለው፤ ክፍሉ ቢሞላም ማመልከቻውን አንቀበልም ማለት አይቻልም። በዓመቱ መሀል የሚገባው ማመልከቻ፣ «ኢን ይር» የሚሉት፣ አንዳንድ ቦታ በካውንስሉ በኩል፣ ሌላ ቦታ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ይቀርባል። የትኛው እንደሆነ የካውንስሉ ድረ ገጽ ላይ መውጣት አለበት። በ2021 ተሻሽሎ የወጣው የቅበላ ደንብ እንደሚለው መልሱ በ10 የትምህርት ቀናት እንዲደርስ ጥረት ይደረጋል፤ ከ15 የትምህርት ቀናት ግን ማለፍ የለበትም። ቅዳሜ፣ እሁድና የትምህርት ቤት ዕረፍት አይቆጠሩም። እምቢ ካሉም ምክንያቱን ዘርዝረው፣ ይግባኝ የማለት መብት እንዳላችሁ ገልጸው በጽሑፍ ማሳወቅ አለባቸው። ሁሉም ነገር የሚንቀሳቀሰው በማመልከቻው ነው። ማመልከቻ ካልገባ ይግባኝ የለም፣ ተጠባባቂ ዝርዝር ላይም ስም የለም፤ ካውንስሉም ልጁ ቦታ ማጣቱን አያውቅም። ስለዚህ ጸሐፊዋን አመስግናችሁ ፎርሙን ሙሉ። ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻም አትሙሉ።

ተረት፦ «ይግባኝ ብሎ ያሸነፈ የለም።»

እንደ ክፍሉ ይለያያል። ሪሴፕሽን፣ ይር 1 እና ይር 2 ላይ አንድ መምህር ያለበት ክፍል ከ30 ልጅ በላይ እንዳይይዝ ሕግ ስለሚከለክል፣ እዚያ ይግባኝ በእርግጥ ከባድ ነው። ሆኖም ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነገር አለ፦ ከመደበኛው የምዝገባ ወቅት ውጭ ወደ አካባቢው የመጣና በተመጣጣኝ ርቀት ሌላ ትምህርት ቤት የሌለው ልጅ 31ኛ ሆኖ ሊገባ ይችላል። ቤት የቀየረ ቤተሰብ ይህን በማመልከቻው ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። ከይር 3 ጀምሮ ደግሞ ያ የ30 ገደብ የለም፤ ይግባኙን የሚሰሙት ሰዎች የትምህርት ቤቱን ችግር ከልጁ ችግር ጋር ያመዛዝናሉ። ሰሚዎቹ ከትምህርት ቤቱ ነፃ ናቸው፣ ክፍያ የለውም፣ ከገባ በኋላም በ30 የትምህርት ቀናት ውስጥ መሰማት አለበት። ሌላውን ትምህርት ቤት ማጥላላት አይጠቅምም። ይልቅ ልጁ ለምን ይህኛው እንደሚያስፈልገው የሚያሳይ ማስረጃ፣ ለምሳሌ የሐኪም ደብዳቤ፣ ይዛችሁ ቅረቡ።

ተረት፦ «ተጠባባቂ ዝርዝር ወረፋ ነው፤ ቀድሞ የተመዘገበ ይቀድማል።»

ዝርዝሩ በቀን አይደረደርም። የሚደረደረው በትምህርት ቤቱ የቅድሚያ መስፈርት ነው፦ በእንክብካቤ ሥር ያሉ ልጆች፣ እዚያ የሚማር ወንድም ወይም እህት ያላቸው፣ ከዚያ ብዙ ጊዜ በሜትር የሚለካ ርቀት። ልጃችሁ ዛሬ 2ኛ ሆኖ፣ ነገ ሌላ ቤተሰብ ከትምህርት ቤቱ ጎን ቢከራይ 3ኛ ይሆናል። በዚሁ ደንብ አዲስ ገቢ እናንተም ከወራት በፊት ከተመዘገቡት በላይ ልትቀመጡ ትችላላችሁ። ዘግይተናል ብላችሁ አትተዉት።

ተረት፦ «የአክስቷን አድራሻ አስገቢ፣ ማን ያውቃል?»

ይታወቃል። የኪራይ ውልና የካውንስል ታክስ ወረቀት ይጠየቃል፤ በሐሰት አድራሻ የተገኘ ቦታም ሊነጠቅ ይችላል። ጓደኛ ያፈራች፣ መምህሯን የለመደች ልጅ ከዚያ መውጣቷ የሚጎዳው እሷን ነው። ደግሞም ለማመልከት የአክስት አድራሻ አያስፈልግም። በ1989 በግሪንዊች ጉዳይ ከተሰጠው ፍርድ ወዲህ ትምህርት ቤት አንድን ልጅ ሌላ ቦሮ ስለሚኖር ብቻ እምቢ ሊለው አይችልም። ርቀት ከቅድሚያ ተራው ዝቅ ሊያደርገው ይችላል፤ የቦሮ ወሰን ግን አያግደውም።

ተረት፦ «ቤት ከቀየርን ከድሮው ትምህርት ቤት መውጣት አለበት።»

ይህኛው ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ወላጅ በገዛ እጁ ልጁን ያለ ቦታ የሚያስቀረው እዚህ ላይ ነው። ቤት መቀየር ልጁን ቦታውን አያሳጣውም። አዲሱ ትምህርት ቤት በጽሑፍ ቦታ ሰጥቶ የመጀመሪያው ቀን እስኪቆረጥ ድረስ ከድሮው አታስወጡት። መንገዱ ይረዝማል፣ ግን ለንደን ውስጥ ለተማሪ አውቶቡስ ነፃ ነው፤ ከ11 ዓመት ጀምሮ የዚፕ ካርድ አውጡለት። ይር 10 ወይም ይር 11 ላይ ላለ ልጅ ደግሞ እንዲያውም ባይቀየር ይሻላል። የጂሲኤስኢ ፈተና ቦርድ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል፤ የጀመረው ትምህርት አዲሱ ጋ ላይኖር፣ ያነበበው መጽሐፍም ላይጠየቅ ይችላል። ካውንስል ከቦሮው ውጭ ቤት ሲያቀርብ በልጆች ትምህርት ላይ የሚደርሰውን መስተጓጎል ከግምት እንዲያስገባ በ2012 የወጣ ደንብ ያስገድደዋል። ስለዚህ ቤቱን ከመቀበላችሁ በፊት ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደሆነና ፈተናው መቼ እንደሆነ ለቤት ጉዳይ ሠራተኛው በኢሜይል አሳውቁ።

ተረት፦ «ወረቀት የሌለው፣ እንግሊዝኛ የማይችል ልጅ አይቀበሉትም።»

ሐሰት ነው። ዜግነትን ወይም የኢሚግሬሽን ሁኔታን ምክንያት አድርጎ ቦታ መከልከል ደንቡ ይከለክላል። እንግሊዝኛ አለመቻልም ምክንያት አይሆንም።

ይህ ሁሉ ተሞክሮም ልጁ ቤት ከቀረ፣ እያንዳንዱ ካውንስል «ፌር አክሰስ ፕሮቶኮል» የሚባል አሠራር ሊኖረው ግዴታ ነው። ቤት አልባ የሆኑ፣ ስደተኛና ጥገኝነት ጠያቂ የሆኑ፣ እንዲሁም በአካባቢው ቦታ ጠፍቶ 4 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከትምህርት ውጭ የቆዩ ልጆች በዚህ ይስተናገዳሉ፤ የሞላ ትምህርት ቤት እንኳ እንዲቀበል ሊደረግ ይችላል። ለካውንስሉ የቅበላ ክፍል በምትልኩት ኢሜይል ላይ የልጁን ክፍል፣ ወደ አዲሱ ቤት የገባችሁበትን ቀን፣ ያመለከታችሁባቸውን ትምህርት ቤቶችና የእምቢታ ደብዳቤዎቹን አያይዛችሁ፣ ጉዳዩ በፌር አክሰስ ፕሮቶኮል እንዲታይ በስሙ ጠርታችሁ ጠይቁ።