የዘር ሙቀት ሕክምናና የነጋዴው ጥንቃቄ

የጥቅል ጎመን ዘር ለዓይን ንጹሕ መስሎ ሳለ፥ ቅጠሉን ከጠርዙ ጀምሮ የሚያቢጨውንና ጅማቱን የሚያጠቁረውን ባክቴሪያ በውስጡ ሊይዝ ይችላል። በዘሩ ቅርፊት ሥር የተሸሸገውን ተሐዋሲ በላይ የሚቀባ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ አያገኘውም፤ ሙቀት ግን ዘልቆ ይደርስበታል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። ዴንማርካዊው ዬንስ ሉድቪግ ዬንሰን በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. የእህልን አረማሞ በሙቅ ውኃ መከላከል እንደሚቻል አሳይቶ ነበር።

ለጥቅል ጎመን ዘር የተለመደው ልክ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ውኃ 25 ደቂቃ ነው፤ ለአበባ ጎመን 20 ደቂቃ ይበቃል። ሙቀቱ ካነሰ ባክቴሪያው ይተርፋል፤ ከበዛ የዘሩ ጽንስ ይሞታል። ስለዚህ ጊዜው እንደ ተፈጸመ ዘሩ በቀዝቃዛ ውኃ በርዶ፥ ተሰጥቶ ይደርቃል።

እንግዲህ አስመጪው ከመግዛቱ በፊት ዘሩ መታከሙንና ከሕክምናው በኋላ ከመቶው ስንት እንደሚበቅል በጽሑፍ ይጠይቅ። ባለሱቁም አሮጌ ዘር ሙቀቱን እንደማይችል፥ የታከመውም በመጋዘን ብዙ ሊቆይ እንደማይገባው ይወቅ። የማይበቅል ወይም በሽታ የያዘ ዘር የሸጠ ነጋዴ ለአንድ ወቅት ያተርፍ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ደንበኛ አይመለስለትም።