ታማሚ መስሎ የሚገባ መርማሪ

አንድ ጎልማሳ ደልሂ ውስጥ ወደሚገኝ የግል ክሊኒክ ይገባል። ሁለት ሦስት ሳምንት እያሳለውና እያተኮሰው እንደሆነ ለሐኪሙ ይነግረዋል። ሐኪሙ የአክታ ምርመራ ያዝለት ይሆን ወይስ አንቲባዮቲክ ጽፎ ይሸኘው? ሰውየው ግን ጤነኛ ነው። የሕመም ምልክቶቹን፣ የቤተሰቡን ሁኔታ፣ የሥራውን ዓይነት ሳይቀር አጥንቶ የመጣ ነው። ከክሊኒኩ እንደወጣ ምን እንደተጠየቀ፣ ምን እንደታዘዘለትና ስንት እንደከፈለ ያስመዘግባል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የደልሂ የሳንባ ነቀርሳ ጥናት በዚህ መንገድ 250 ጉብኝቶችን መዝግቦ ነበር። ተገቢውን አያያዝ ያገኙት 21 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ይህን እውነት በሌላ መንገድ ማግኘት ይከብዳል። የሕክምና ካርድ ላይ የሚሰፍረው ሐኪሙ መጻፍ የፈለገው ነው። ተቆጣጣሪ ክፍሉ ውስጥ ሲቀመጥ ሁሉም ይጠነቀቃል። ታካሚውን በር ላይ ብንጠይቀው በአክብሮት መስተናገዱን ይነግረናል እንጂ በትክክል መታከሙን አያውቅም። አንድ ዓይነት ሕመም ይዞ ብዙ ቦታ የሚሄድ ሚስጥራዊ ታካሚ ግን ያወዳድራል። የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ጂሽኑ ዳስና ባልደረቦቹ በሕንዷ ማድያ ፕራዴሽ ያገኙት ይህንኑ ነው፤ ያው ሐኪም በግል ክሊኒኩ ሲሠራ ከመንግሥት ጤና ተቋሙ ይልቅ የበለጠ ይተጋል።

የታማሚነት ትወና የተጀመረው ለስለላ አልነበረም። አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ሃዋርድ ባሮውስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሰዎችን ታማሚ ሆነው እንዲቀርቡ ያሠለጠነው ተማሪዎቹን ለማስተማርና ለመፈተን ነበር። የስውሩ መንገድ ዝነኛ ምሳሌ የሥነ ልቦና ባለሙያው የዴቪድ ሮዘንሃን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ስምንት ጤነኛ ሰዎች ድምፅ ይሰማናል ብለው በ12 የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታሎች መተኛታቸውን ጻፈ። ዓለም ተደነቀ። ጋዜጠኛዋ ሱዛና ካሃላን እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመችው መጽሐፍ ግን በሆስፒታሉ ጥሩ ነገር ያየ አንድ ተሳታፊ ከጽሑፉ እንደተወገደና ከሌሎቹ ታሪኮች አብዛኞቹን ማረጋገጥም እንደሚያዳግት አሳየች። ስውር ሥራ ሐኪሙን ብቻ አይደለም ያለ ከለላ የሚያስቀረው፤ ተመራማሪውንም ከተጠያቂነት ይሸሽገዋል። ስለዚህ ማን መቼ ምን እንዳየ የሚያሳይ፣ ሌላ ሰው ሊመረምረው የሚችል መዝገብ ሳይኖር ሰውን በስውር መፈተን ተገቢ አይመስለኝም።

በስልክ የሚደረገው ስውር ፍተሻ ቀለል ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ኢሊኖይ፣ ኩክ ካውንቲ፣ እናት መስለው የደወሉ መርማሪዎች 273 ክሊኒኮችን ለልጃቸው ቀጠሮ ጠየቁ። ልጁ ያለው የመንግሥት መድን ነው ሲሉ 66 በመቶው ከለከሏቸው፤ የግል መድን አለው ሲሉ የከለከሏቸው 11 በመቶው ብቻ ናቸው። በዚያው ዓመት የኦባማ አስተዳደር በዘጠኝ ግዛቶች ወደሚገኙ 4,185 የሐኪም ቢሮዎች እንዲሁ በስውር ለመደወል አቅዶ ነበር። ወሬው በጋዜጣ በወጣ በሁለት ቀን ውስጥ፣ ሐኪሞች «መንግሥት ሊሰልለን ነው» ብለው ሲጮኹ፣ ዕቅዱ ተሰረዘ። ቁጣቸው ይገባኛል፤ ከፋዩም ደንብ አውጪውም መንግሥት ነውና። ሆኖም በር ተዘግቶበት የሚመለሰው ልጅ ጉዳይ በዚያ ጩኸት ውስጥ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የፌዴራል ደንብ ግን፣ ሜዲኬይድ የተባለውን የመንግሥት መድን በመድን ድርጅቶች በኩል የሚያቀርቡ ግዛቶች የቀጠሮ ጊዜን በገለልተኛ ሚስጥራዊ ደዋዮች እንዲያስፈትሹ ደነገገ።

ታዲያ ማታለሉስ? ተመራማሪዎቹ ካሪን ሮድስና ፍራንክሊን ሚለር እ.ኤ.አ. በ2012 ባቀረቡት ትንታኔ፣ ጥናቱ ጥቅሙ ከፍ ያለ፣ ሌላ መንገድ የሌለውና የግለሰብን ማንነት የሚጠብቅ ከሆነ ሊፈቀድ ይችላል ይላሉ። አንዳንድ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴዎች የሐኪሙን ፈቃድ መጠየቅን ይተዉታል። እኔ የማደላው ለደልሂው መንገድ ነው፦ ሐኪሞቹ ወደፊት በማያውቁት ቀን ታማሚ መሳይ ሊመጣባቸው እንደሚችል ቀድሞ ተነገራቸውና ተስማሙ። እንዲያም ሆኖ አብዛኞቹን አልለዩዋቸውም። ይህ ከተቻለ ሙሉ በሙሉ መደበቅ ለምን ያስፈልጋል?

የጊዜ ጉዳይም አለ። ወረፋ በሞላበት ጤና ጣቢያ አንድ የሐሰት ታካሚ የሚወስደው ደቂቃ የአንዲት እናት ተራ ነው። ሥራው ረፋድ ላይ ወረፋው ጋብ ሲል ቢደረግ፣ የካርዱም የምርመራውም ሙሉ ክፍያ ቢከፈል ጉዳቱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

ከሁሉ ያነሰ የተነገረለት ታማሚ መስሎ የሚገባው ሰው ራሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደመወዙ አነስተኛ የሆነ ቅጥር ሠራተኛ ነው። የሚያስሉ ሰዎች በሞሉበት የመጠበቂያ ክፍል ይቀመጣል። ንጽሕናው ያልታወቀ መርፌ ሊወጋ፣ ደም ሊሰጥ፣ «አሁኑኑ ዋጠው» ሊባል ይችላል። ጥሩ ሥልጠና የማምለጫ ቃላትን ያስጠናል፦ «መርፌ በጣም እፈራለሁ፣ ክኒን ይስጡኝ»፣ «ቤቴ ስገባ ምግብ በልቼ እውጠዋለሁ»። ለሕፃናት ሕመም ደግሞ ልጅ ይዞ አይኬድም፤ «ልጄ ቤት ነው፣ ተቅማጥ ይዞታል» ይባላል። የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎትን ለመፈተን የምትላክ ወጣት የውስጥ ምርመራ ሲመጣ እንዴት እንደምትወጣ ካልተዘጋጀች መላክ የለባትም። ሐኪሙ አልተጠየቀም ብሎ የሚከራከር ኮሚቴ ይህችን ልጅ መጀመሪያ ቢያስብ ደስ ይለኛል።

በእኛም አገር ስልቱ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባና በጎንደር ተመራማሪዎች ደንበኛ መስለው መድኃኒት ቤቶች ገብተው፣ በማዘዣ ብቻ መሸጥ ያለባቸው መድኃኒቶች ያለ ማዘዣ እንደሚሸጡ መዝግበዋል። እዚህ ላይ ፍትሕ ያሳስበኛል። ከባንኮኒው ጀርባ የቆመችው ባለሙያ ብዙ ጊዜ ተቀጣሪ ናት። ካልሸጠች ደንበኛው ጎረቤት ሄዶ ይገዛል፤ ባለቤቱም የዕለቱን ሽያጭ ይጠይቃታል። የአንድ ቀን ጉብኝት ስለ ከተማው ብዙ ይናገራል፣ ስለ እሷ ግን ፍርድ ለመስጠት አይበቃም። ለጥናት ተብሎ የተሰበሰበ መረጃ ፈቃድ ለመንጠቂያ ከዋለ ቃል ማፍረስ ነው፤ ተቆጣጣሪው አካል መቅጣት ከፈለገ በራሱ ሥልጣን፣ በራሱ ስም ይምጣ። ውጤቱም በእንግሊዝኛ መጽሔት ታትሞ ከሚቀር ለመድኃኒት ቤቶቹና ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በአማርኛ ይድረስ።

አንድ አስቸጋሪ ነገር ይቀራል። ስም አላወጣም ብሎ የገባ መርማሪ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ለሕፃን ሲሸጥ ቢያይስ? ዝም ካለ ነገ የሚመጣው ሕፃን እውነተኛ ነው። ምን ዓይነት አደጋ ሲታይ ቃሉ እንደሚነሳ፣ ለማን በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚነገር መርማሪው ከመሠማራቱ በፊት በጥናቱ ሰነድ ላይ መጻፍ አለበት፤ ባለሙያዎቹም ፈቃዳቸውን ሲጠየቁ ይህን ማወቅ አለባቸው።