ድርቅን ቀድሞ ማየት

በሶማሌ ክልል ፋፋን ዞን በምትገኘው ቱሊ ጉሌድ ወረዳ ኑሮ በከብትና በዝናብ ላይ የቆመ ነው። በእንዲህ ያለ ወረዳ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ባለሙያ ሥራውን የሚጀምረው የእርዳታ እህል ሲመጣ አይደለም። በሚያዝያ አካባቢ የሚጠበቀው የ«ጉ» ዝናብ ከዘገየ ክረምቱን ሳይጠብቅ ቀበሌ ለቀበሌ ይዞራል፤ የዝናብ ውኃ በሚጠራቀምበት ቢርካ ውስጥ የቀረው ለስንት ቀን እንደሚበቃ ይጠይቃል። ገበያም ይወጣል። የፍየል ዋጋ እየወረደ የእህል ዋጋ ከናረ፣ ቤተሰቦች ሳይወዱ በግድ መሸጥ ጀምረዋል ማለት ነው። ይህ ምልክት ከብዙ ሪፖርት በላይ ሊደመጥ ይገባዋል። ከዚያም የውኃ ቦቴ፣ የመኖና የእህል ጥያቄ ጅግጅጋ ወደሚገኘው የክልሉ ቢሮ ይላካል።

ቀድሞ ማየት ለምን እንደሚያስፈልግ ታሪካችን ያሳያል። አገራችን የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንን ያቋቋመችው በ1966 ዓ.ም.፣ የወሎ ረሃብ ብዙ ሕይወት ከቀጠፈ በኋላ ነበር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈዋል።

በአካባቢያችሁ ውኃ ሲቀንስ ወይም ከብት ሲከሳ ካያችሁ፣ ሳትዘገዩ ለቀበሌያችሁ ንገሩ።