የተመለሰው ደብዳቤ፦ ወጪ ኢሜይልን በአስተላላፊ ድርጅት በኩል ስለ መላክ



ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ተማሪዬ ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል አመልክታ የድጋፍ ደብዳቤ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። ጽፌ ከክፍላችን ሰርቨር ላክሁ። ወዲያው በ550 ቁጥር የሚጀምር የእንግሊዝኛ መልስ መጣ፤ እኔ ግን ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ስሮጥ ሳላነበው አለፍሁት። የማመልከቻው ጊዜ ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው ተማሪዋ ቢሮዬ መጥታ «መምህር፣ ደብዳቤው አልደረሰም አሉኝ» አለች። ከግል ኢሜይሌ ብልከውም ተቀባዩ ቢሮ ከተቋም አድራሻ ያልመጣ ደብዳቤ አንቀበልም አለ። በዚያ ዓመት ዕድሉ አመለጣት። የዛሬው ንግግሬ ከዚያ ዕዳ የተወለደ ነው።

ኢሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚተላለፍበት ኤስኤምቲፒ የተሰኘው ስምምነት በ1982 በጆን ፖስቴል ሲጻፍ፣ በመረቡ ላይ የነበሩት ተቋማት ጥቂቶች ነበሩ። «እኔ እገሌ ነኝ» ያለ ሁሉ ይታመን ነበር። አይፈለጌ መልእክት መረቡን ሲያጥለቀልቀው ግን ተቀባዮች ከደብዳቤው አንድ መስመር ሳያነቡ የላኪውን ማንነት መመርመር ጀመሩ። የመጣበት የአይፒ ቁጥር በጥቁር መዝገብ ላይ አለን? ቁጥሩ ወደ ኋላ ሲፈተሽ ወደ ሰርቨሩ ስም ይመራልን? ከዚህ በፊት ከዚህ ቁጥር ምን ዓይነት መልእክት መጥቶ ያውቃል? ፍርዱ በቁጥር ይሰጣል፤ በ4 የሚጀምር «ቆይተህ ሞክር» ማለት ነው፤ በ5 የሚጀምር ግን የማያዳግም እምቢታ ነው።

የእኛን ሰርቨር ስንመረምር ሁለት ነገር አገኘን። አንደኛ፣ ቁጥራችን ወደ ኋላ ሲፈተሽ ወደ ስማችን አይመራም ነበር። ሁለተኛውና የሚያሳፍረው፣ የአንድ ባልደረባችን የይለፍ ቃል ተሰርቆ ሌሊት ሌሊት ከእኛ ሰርቨር አይፈለጌ መልእክት ይጎርፍ ነበር። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበትን ነገር ልናገር። ይህን ሳናጸዳ ወደ አስተላላፊ ድርጅት ብንሄድ ኖሮ ቆሻሻውን በሌላ በር ከመላክ ያለፈ ነገር አናደርግም ነበር፤ ድርጅቱም ቅሬታ እንደ በዛ ሂሳባችንን ይዘጋው ነበር። ስለዚህ አስቀድመን የይለፍ ቃሎችን ሁሉ ቀየርን፤ ወረፋ የያዙትን መልእክቶች ደመሰስን።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቀላል ነው። ሰርቨራችን የእያንዳንዱን ተቀባይ በር ማንኳኳቱን ትቶ ወጪውን ሁሉ ለአንድ አስተላላፊ ያስረክባል። ርክክቡ በፖርት 587፣ በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል፣ በምስጠራ ተሸፍኖ ይፈጸማል። ፖስትፊክስ ለምትጠቀሙ፣ ሪሌይሆስት የሚባለው አንድ መስመርና አንድ የይለፍ ቃል ፋይል ዋናውን ሥራ ይሠራሉ። አውታሩ ፖርት 25ን የሚዘጋባችሁም ከሆነ (አማዞንን የመሳሰሉ የክላውድ አቅራቢዎች ይህን በር ከመነሻው ይዘጉታል) መውጫው ይኸው ነው። ገቢ ኢሜይል ግን አይነካም፤ እንደ ቀድሞው በቀጥታ ወደ ሰርቨራችሁ ይመጣል።

የአስተላላፊውን መልካም ስም ተዋሳችሁ ማለት የራሳችሁን ስም ማስመስከር ቀረላችሁ ማለት አይደለም። በዲኤንኤስ ላይ ባለው የኤስፒኤፍ መዝገብ አስተላላፊው በእናንተ ስም እንዲልክ መፍቀድ አለባችሁ። እኛ ነባሩን መዝገብ በማስተካከል ፈንታ ሁለተኛ መዝገብ ጨመርን፤ አንድ ዶሜይን ሁለት የኤስፒኤፍ መዝገብ ሲኖረው ደግሞ ሁለቱም ዋጋ ያጣሉ። ይህን ለማወቅ አንድ ሳምንት ፈጀብን። ደብዳቤው ዲኪም በተባለው ዘዴ በዶሜይናችሁ ስም መፈረምም አለበት። ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጉግልና ያሁ በብዛት ከሚልኩ ላኪዎች ኤስፒኤፍን፣ ዲኪምን እና ዲማርክን አንድ ላይ ይጠይቃሉ፤ ለጉግል «ብዛት» ማለት በቀን 5,000 ገደማ መልእክት ነው።

ዋጋም አለው። ክፍያው በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ይህ ለእንደኛ ላለ ተቋም ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከዚህ የሚከብደው ግን ምስጠራው መንገዱን እንጂ ማረፊያውን አለመሸፈኑ ነው፤ አስተላላፊው ቢፈልግ ደብዳቤውን ማንበብ ይችላል። በእኔ አስተያየት የተማሪ ውጤትና የሕክምና ማስረጃ በዚህ መንገድ ግልጹን መሄድ የለባቸውም።

ተማሪዋ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና አመለከተች። ደብዳቤውን ላክሁና በሰርቨራችን መዝገብ ላይ 250 የሚለውን ቁጥር አየሁ፤ «ተቀብያለሁ» ማለት ነው። ሆኖም ተቀበልሁ ያለው አስተላላፊው እንጂ የትምህርት ዕድል ሰጪው ሰርቨር አልነበረም። ስለዚህ የአስተላላፊውን መዝገብ ከፍቼ አየሁ፤ ከዚያም ስልክ ደወልሁ።