እርምጃ ቆጣሪው ሸክሙን ያያል?

እጅ ወይም ወገብ ላይ የሚታሰር እርምጃ ቆጣሪ ለጤና ጥናት ምን ይጠቅማል? ሰው «በሳምንት ስንት ሰዓት ተንቀሳቀስክ?» ሲባል በግምት ይመልሳል፤ መሣሪያው ግን የሰውነትን እንቅስቃሴ እየለካ ይመዘግባል። ጎረቤታችን ጅማ ላይ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ለጀመሩ ሕሙማን ተጨማሪ ምግብ ሲሰጥ፣ እንቅስቃሴያቸው በእንዲህ ያለ መሣሪያ ተለክቷል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል።

ታዲያ ጉድለትም አለው። እናቴ እንጨት ተሸክማ የማሻን ዳገት ስትወጣ ቀስ ትላለች። መሣሪያው የሚቆጥረው እርምጃዋን እንጂ ሸክሟን አይደለም። «10,000 አልሞሉም፣ ይንቀሳቀሱ እንጂ!» ብትባል አያሳዝንም? ያ ቁጥር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ መቁጠሪያ ስም የመጣ ነው።

ስለዚህ ነገ ስለ ጤና ስናስተምር ቁጥሩን እናንብብ፤ «ምን ተሸክመው ነበር?» ብለንም እንጠይቅ።