የዲፈረንሻል ዘይት ማን ይለውጥ?

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ይህች ጽሑፌ በአንባቢያን ደብዳቤዎች ዓምድ ላይ ስፍራ እንድታገኝ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ የመኪና ነገር ቢሆንም፥ ከወር ደመወዙ ቆጥቦ አሮጌ መኪና የገዛውን የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ የሚነካ ይመስለኛል። ይልቁንም በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፥ በእጃችን ያለውን ጠብቆ ማቆየት ግድ ሆኖብናል።

እኔ የምነዳው በተለምዶ ዲኤክስ የምንለውን አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ነው። ይህ መኪና የሚገፋው በኋላ ጎማዎቹ ነው፤ ከሞተሩ የሚመጣው ኃይል በረዥሙ ዘንግ አልፎ፥ ከኋላ ወዳለው ዱባ ወደሚመስል ብረት ይገባል። ዲፈረንሻል የሚባለው ይህ ነው። ሥራውም ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች ማካፈልና፥ መኪናው ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው ፈጠን ብሎ እንዲዞር መፍቀድ ነው። በውስጡ ያሉት ጥርሶች በኃይል ተጫጭነው እየተንሸራተቱ ስለሚፋተጉ የሞተር ዘይት አይበቃቸውም፤ ወፍራም፥ ሽታው የሚከረፋ፥ በዕቃው ላይ «ጂኤል 5» ተብሎ የተጻፈበት ዘይት ይሻሉ። ለእኔ መኪና አንድ ሊትር ገደማ ይበቃል። (የተረፈውን ወደ ካምቢዮ የሚጨምሩ ሰዎች አይቻለሁ። በአሮጌ ካምቢዮ ውስጥ ያሉትን የናስ ቀለበቶች ሊበላ ስለሚችል ይህ ቁጠባ አይደለም።)

ካቻምና መኪናዬን ወደ አንድ የአስመጪ ወኪል ጋራዥ ወሰድሁ፤ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም። በባለሙያ እጅ ይሠራ ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን፥ መምህር ከመኪና ሥር ተጋድሞ ተማሪዎቹ ቢያዩት ምን ይሉታል የሚል እፍረትም ነበረብኝ። በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ከሰዓት በኋላ መጋዝና መዶሻ እንይዝ ነበር፤ ደመወዝተኛ ስንሆን ይህን ለምን እንደምንረሳው እንጃ። ከወር ደመወዜ ሩቡን ያህል ከፍዬ፥ የዲፈረንሻል ዘይት ተለውጧል የሚል ደረሰኝ ተቀበልሁ።

ባለፈው ክረምት ጎርፍ የሞላበትን መንገድ ከተሻገርሁ በኋላ፥ ከኋላ በኩል የማላውቀው ጩኸት ይሰማኝ ጀመር። የጋለ ዲፈረንሻል በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና፥ በመተንፈሻው በኩል ውሃ ሊስብ ይችላል። ወደ ወኪሉ ለመመለስ ገንዘቡ አልነበረኝም፤ ስለዚህ እፍረቴን ትቼ ራሴ ልለውጠው ተነሣሁ።

ቅዳሜ ጧት ጥቂት ነድቼ ዘይቱን አሞቅሁ። በደልዳላ ስፍራ አቁሜ ጎማዎቹን በድንጋይ አገድሁ፤ ክሪክ ብቻውን ስለማይታመንም መኪናውን አንሥቼ በብረት መደገፊያ ላይ አሳረፍሁት። ይህን ሁሉ በጥንቃቄ ካደረግሁ በኋላ ሞኝነቴን ሠራሁ። የታችኛውን የማፍሰሻ ብሎን ፈትቼ ዘይቱን በሙሉ አፈሰስሁ። የወጣው ማኪያቶ ይመስላል፤ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ቀጥዬ ከፍ ብሎ ያለውን የመሙያ ብሎን ልፈታ ብል አልነቃነቅ አለ። ጭቃና ዝገት አንድ ላይ ደርቀውበታል፤ በታገልሁት ቍጥር ማዕዘኑ እየተሟለጨ ሄደ።

እዚያው በጀርባዬ እንደ ተጋደምሁ ሁለት ነገር ገባኝ። መሙያውን አስቀድሞ ሳይፈታ ማፍሰሻውን የሚፈታ ሰው፥ ዘይት የሌለው መኪና ታቅፎ ይቀራል። ደግሞም አዲስ ዘይት የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ብቻ ስለ ሆነ፥ ይህን ብሎን ለብዙ ዓመታት ቁልፍ አልነካውም። ደረሰኙ ግን በመሳቢያዬ ውስጥ አለ።

መኪናዬ እስከ ማክሰኞ ቆመ። ሰኞ ዕለት እናቴ የሐኪም ቀጠሮ ስለ ነበራት በኮንትራት ታክሲ ወሰድኋት። መንገዱን ሁሉ «ምነው ልጄ፥ ለባለሙያ ብትሰጠው ምን ነበረበት?» እያለች ወቀሰችኝ። ሰጥቼው እንደ ነበር አልነገርኋትም።

ማክሰኞ የሰፈራችን መካኒክ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ረጨበት፤ በመዶሻ መታ መታ አደረገው፤ በቁልፉ እጀታ ላይ ረዥም ቧንቧ አጥልቆ በአንድ ትንፋሽ ፈታው። የጠየቀኝ ዋጋ ወኪሉ ከወሰደው አንድ አሥረኛ አይሞላም። አዲሱን ዘይት በላስቲክ ቱቦ ከመሙያው አፍ መንጠባጠብ እስኪጀምር ድረስ ሞላን፤ ልኩ ይህ ነው። የቀረው ውሃ እንዲወጣ ከሳምንት በኋላ ራሴ ዳግመኛ ለወጥሁት፤ በዚህ ጊዜ ግን መሙያውን አስቀድሜ ፈታሁ። አሮጌውን ዘይት መካኒኩ ወሰደው እንጂ ወደ ቦይ አልደፋሁትም። ከሥር ሳለሁ ሁለት ተማሪዎቼ በአጥሩ በር አይተውኝ ገቡ። እንደ ፈራሁት አልሣቁም፤ አንደኛው «መምህር፥ ይሄ ነገር ለምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?» አለኝ። ጥርሶቹ እንዳይበላሉ ከዘይቱ ጋር የተቀላቀለው ድኝ ያለበት ቅመም መሆኑን፥ ከመኪናው ሥር ሳልወጣ አስረዳሁት።

ጩኸቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ የተበላን ጥርስ ዘይት አይመልሰውም። ከዘይቱ ጋር የብረት ስባሪ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ እኔም ወደ ባለሙያ እሄድ ነበር፤ መኪናው አዲስ ሆኖ ዋስትና ያለው እንደሆነም ወደ ወኪሉ መሄድ ይሻላል። ነገር ግን ወኪሎችን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ገንዘባችንን ከመቀበላችሁ በፊት የፈሰሰውን አሮጌ ዘይት በጣሳ አድርጋችሁ ብታሳዩን፥ የተፈታውንም ብሎን እንድናይ ብትፈቅዱልን ምን ያህል ይከብዳችኋል?

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ