ከቶክዮ ሪቬንጀርስ ጃኬት ላይ የጠፋው ምልክት ላሊበላ መስኮት ላይ አለ

ቶክዮ ሪቬንጀርስን ያያችሁ አንድ ነገር ግራ አጋብቷችሁ ይሆናል። የማይኪ ልጆች ዞር ሲሉ ጀርባቸው ላይ ድንገት ብርሃን ቦግ ይላል፤ ወይ ምስሉ ወደ ፊታቸው ይጠጋና ጃኬቱ ከስክሪን ይወጣል። ከቴሌግራም ያወረዳችሁት ፋይል ተበላሽቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በክረንቺሮል በኩል ለውጭ ተመልካች የቀረበው ቅጂ እንዲህ ተደርጎ የታረመ ነው። ጃፓን ውስጥ በቴሌቪዥን በታየው ላይ ምልክቱ አለ።

የተሸፈነው ምልክት ማንጂ ይባላል፤ አራቱም ጫፎቹ የታጠፉ መስቀል ነው። የቡድኑ ስም ራሱ ቶክዮ ማንጂ ነው፤ በጃፓንኛ ሲጻፍ ምልክቱ እንደ ፊደል መሀል ይገባል። የጃፓን ካርታ ላይ ካያችሁት እዚያ የቡድሃ ቤተ መቅደስ አለ ማለት ነው።

ችግሩ ሂትለር ነው። ፓርቲው በ1920 ተመሳሳዩን ቅርጽ ዓርማው አደረገው። ዛሬ ጀርመን ውስጥ የናዚን ዓርማ በአደባባይ ማሳየት በወንጀል ያስጠይቃል፤ ለኪነ ጥበብና ለትምህርት ግን ሕጉ ቀዳዳ ትቷል። አኒሜ ለብዙ አገር በአንዴ የሚለቅ ድርጅት ደግሞ በየአገሩ ከሚከራከር መሸፈኑ ይቀለዋል።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር ልምጣ። ከደብረ ታቦር በንፋስ መውጫና በጋሸና አድርጋችሁ (መንገዱ ሰላም ሲሆን ማለቴ ነው) ላሊበላ ከገባችሁ የቤተ ማርያምን መስኮቶች ቀና ብላችሁ እዩ። ከዓለቱ ከተፈለፈሉት አንዱ ልክ እንደ ማንጂው ጫፉ የታጠፈ መስቀል ነው። ሂትለር ከመወለዱ ከ600 ዓመት በላይ ቀድሞ የተሠራ ነው። ሊሳለም የሚመጣ ምዕመን ናዚን አያስብም።

ተቃውሞውን ግን አልንቀውም። እ.ኤ.አ. በ1999 ማንጂ ያለበት የጃፓንኛ ፖኬሞን ካርድ አሜሪካ ሲገባ አይሁዳውያን ቅሬታ አቀረቡ፤ ኒንቴንዶም ካርዱን ጃፓን ውስጥ ጭምር እንደሚያቆም አስታወቀ። ቤተሰቡ ላለቀበት ሰው ያ ቅርጽ ጌጥ አይደለም። የሂትለር ወዳጅ የሙሶሎኒ ጦር ለአምስት ዓመት የተቀመጠብን እኛም ይሄ አይጠፋንም።

እኔን የሚያናድደኝ ዝም ብሎ መፋቁ ነው። ክፍሉ ከመጀመሩ በፊት "ይህ የቡድሃ ምልክት ነው" የሚል ሁለት መስመር ቢጻፍ ምን ነበረበት? አሁን ተመልካቹ የናዚውንም የቡድሃውንም ሳያውቅ ብርሃን ብቻ አይቶ ያልፋል።

ደግሞ ማንጂ ብቻ አይደለም። የዩ-ጊ-ኦ "ሞንስተር ሪቦርን" ካርድ በጃፓንኛው አንክ ነበር፤ የጥንት ግብጾች የሕይወት ምልክት፣ ኋላ የግብጽ ክርስቲያኖች መስቀል ያደረጉት። ለውጭ በታተመው ላይ በሌላ ቅርጽ ተተካ። "ውጭ" ሲባል እኛም አለንበት፤ ማንም ባይጠይቀንም።